ልጃችሁ ሱስ ውስጥ ከገባ፦ ቤት ውስጥ ከምን ይጀመራል?

ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ባለሱቁ ያውቃል። ታናሽ እህቱ ታውቃለች። ጎረቤቱም ጠርጥሮ ዝም ብሏል። እናትና አባት ግን «የፈተና ጭንቀት ነው»፣ «ዕድሜው ነው፣ ያልፍለታል» እያሉ ይከርማሉ። አንድ ቀን የእናትየው ሀብል ከመሳቢያ ይጠፋል። ወይም ልጁ ከዩኒቨርሲቲ በውጤት መሰናበቱ በሰው በሰው ይሰማል። ያን ዕለት ቤቱ ይታመሳል።

ያን ዕለት የሚደረገው ነገር አብዛኛው አይጠቅምም። ይደበደባል፣ ከቤት ውጣ ይባላል፣ ስልኩ ይሰበራል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ያስምለዋል። ልጁም በእናቱ ሞት ይምላል። ሲምል ከልቡ ነው። በሦስተኛው ቀን ሐራራው ሲመጣበት ግን መሐላው አይይዘውም። ሱስ አንጎልን የሚቀይር በሽታ ነው፤ በመሐላ ቢለቅ ኖሮ አገሩ ላይ ሱሰኛ ባልኖረ።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ልጁ ከ15 እስከ 25 ዓመት ለሆነው፣ አብሯቸው ለሚኖር ወይም በእነሱ ገንዘብ ለሚማር የከተማ ቤተሰብ ነው። «ልጁ» እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፤ ሴት ልጆችም አሉበት። የእነሱ ደግሞ ገመና ነው ተብሎ ይበልጥ ስለሚደበቅ ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

1. ምን እንደሚወስድ እወቁ

«ሱስ ጀምሯል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። የጫት መንገድ ሌላ ነው፣ የኪኒን ሌላ፣ የመጠጥማ ጭራሽ የተለየ ነው። ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብላችሁ አስተውሉ።

ጫት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይሰወራል። ምሳ ቀርቦለት ገፍቶ ይተወዋል። ማታ ሲመጣ ወይ ወሬው ማለቂያ የለውም፣ ወይ ዓይኑ ፈጦ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያነጋል፤ ጠዋት ደግሞ ቢጮሁበት አይነሳም። የጃኬቱ ኪስ ውስጥ የደረቀ ገረባ ወይም የለውዝ ልጣጭ ይገኛል። ልብ በሉ፦ ጫት ብቻውን እምብዛም አይመጣም። ሲጋራና ሺሻ አብረውት ይገባሉ፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ አለ። «የኔ ልጅ ቢራ ነው እንጂ ጫት አይነካም» የሚል አባት ቢራው ለምን እንዳስፈለገው ይጠይቅ።

ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከእነ ሞርፊን ወገን ነው። የሚወስድ ሰው ተቀምጦ ያንጎላጃል፣ ሰውነቱን ያካል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ሆዱ ይደርቃል። ትራስ ሥር ወይም ቦርሳ ውስጥ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ይገኛል። ማሸጊያውን አትጣሉት፣ ኋላ ለሐኪሙ ያስፈልጋል። ጋንጃ በጠረኑ፣ በቀላ ዓይኑና ያለ ሰዓቱ በሚመጣ ረሃብ ይታወቃል። ማስቲሽና ቤንዚን የሚስብ ልጅ ልብሱ ይሸታል፣ አፉና አፍንጫው ዙሪያ ይቆስላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ልጁ ብቻውን የሚያወራ፣ «ይከታተሉኛል» የሚል፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ወይም ለሳምንታት ከአልጋ የማይነሳ ከሆነ ጉዳዩ ሱስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ጫትና ጋንጃ ያባብሱታል፤ አንዳንዴም ልጁ የሚቅመው ሕመሙን ለማስታገስ ነው። ይሄን ቤት ውስጥ ለመለየት አትሞክሩ። ቀጥታ ወደ 5ኛው ደረጃ እለፉ።

ያያችሁትን ጻፉት። አንድ ደብተር ግዙና ቀኑን፣ የወጣበትንና የገባበትን ሰዓት፣ በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶ እንደሆነ፣ የጠፋ ገንዘብ ካለ አስፍሩ። ስሜታችሁን አትጻፉ፣ ያያችሁትን ብቻ። ደብተሩ ልጁን መክሰሻ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታነቡት ግን የማታውቁት ነገር ይወጣል፤ ሁሌ ሐሙስ ነው የሚብሰው፣ ወይም እህቱ ገንዘብ የላከች ሰሞን ነው።

2. እናትና አባት አንድ ቃል ይያዙ

ሱስ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ የታወቀ ትዕይንት አለ። አባት ሳሎን ውስጥ «ከዛሬ ጀምሮ አምስት ሳንቲም አታይም!» ብሎ ይጮሃል። ልጁ በሩን ወርውሮ ይወጣል። እናት በጓሮ በኩል ደርሳ 200 ብር እጁ ላይ ትጨምራለች። «እንካ፣ አባትህ እንዳይሰማ። ምሳ ብላበት።» ምሳ እንደማይበላበት ታውቃለች። ግን ወጥቶ የሆነ ነገር ቢሆንስ?

በዚህ ቤት አባትም እናትም ተሸንፈዋል። ልጁ ደግሞ በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለታችሁ ልጁ በሌለበት ተቀመጡ። «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው»፣ «አንተስ መቼ ቤት ውለህ ታውቃለህ» የሚለውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ያን ቀን የምትወስኑት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘብ በማን እጅ ይወጣል፣ ማታ በር የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው፣ ሕክምና ቦታ ማን ይዞት ይሄዳል። የማትፈጽሙትን አትወስኑ። «ሁለተኛ ካየሁህ አባርርሃለሁ» ብላችሁ ካላባረራችሁ ቀጣዩ ንግግራችሁም ዋጋ የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ ማባረሩንም አልመክርም፤ ጎዳና ላይ ሱስ ይከፋል እንጂ አይቀንስም።

ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ ልጁ የሚያከብረው አንድ አጎት ወይም አክስት አብሯችሁ ይቁም። አንድ ሰው ይበቃል።

ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለችውን እህቱንም አትርሷት። ለእሷ «ደህና ነው፣ እየተማረ ነው» እየተባለ ይነገራታል። እሷም በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ለትምህርቱ ብላ በቀጥታ ለእሱ ትልካለች። እውነቱን ንገሯት። ይከፋታል፣ ታለቅሳለች። ገንዘቡ ግን መንገዱን ይቀይራል።

3. ተነጋገሩ፤ ግን ሰዓቱን ምረጡ

መርቅኖ እያለ የምትነግሩት አይገባውም፤ በሁሉም ይስማማል፣ የዓለምን ችግር ሁሉ ሊፈታላችሁ ይችላል። ሐራራ ላይ እያለ ከተናገራችሁ ጠብ ነው። ጠጥቶ ሲመጣም አይሆንም። ተኝቶ ተነስቶ፣ በልቶ፣ የመቃሚያው ሰዓት ሳይደርስ ያለችውን ሰዓት ፈልጉ። ለብዙዎች ረፋዱ ላይ ናት። ደብተራችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ አናግሩት። ዘመድ አዝማድ አትጥሩ፤ ሰው ፊት የተዋረደ ልጅ የሚመልሰው ክብሩን እንጂ እውነቱን አይደለም። ንግግሩ አጭር ይሁን። እንዲህ ዓይነት፦

«ልጄ፣ ላወራህ የፈለግኩት ልቆጣህ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሌሊት አልተኛህም። ሰኞ ዕለት ደግሞ ከቦርሳዬ ብር እንደወሰድክ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ። ምን እየወሰድክ እንደሆነ ከአንተ ልስማ።»

ከዚያ ዝም በሉ። ከባዱ ዝምታው ነው፤ እናት ናትና ቶሎ መሙላት ያሰኛታል። አትሙሉት።

«ሁሉም ሰው ይቅማል» ሊላችሁ ይችላል። ስለ ሁሉም ሰው አትከራከሩ። «እሱን ተወው፣ እኔ የማወራው ስለ አንተ ነው» በሉት። «በፈለግኩ ሰዓት አቆማለሁ» ካለ፣ ነገሩ ጫትና ሲጋራ ብቻ ከሆነ «እሺ፣ ሁለት ሳምንት አሳየኝ፤ ካቃተህ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» ብላችሁ ተዋዋሉ። በየቀኑ የሚጠጣ ወይም ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ግን ይህን ውል አትግቡ፤ ምክንያቱን 5ኛው ላይ ታገኙታላችሁ።

የማይባሉ ነገሮች አሉ። «የእገሌን ልጅ አታይም?» አይባልም። «ዱርዬ» አይባልም። «ቅበረኝና እንደፈለግክ ሁን» የሚለውም፣ ከእናት አፍ በቀላሉ ቢወጣም፣ የሚጨምረው ጸጸት ነው፤ ጸጸቱን ደግሞ የሚረሳው እዚያው መቃሚያው ቤት ሄዶ ነው።

4. ገንዘቡን ያዙ

ብዙ ቤተሰብ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ለውጥ ቶሎ የሚታየውም እዚሁ ነው። ሱስ በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ቤቱ ሳያውቅ የሱሱ ካሸር ሆኗል።

ከስልክ ጀምሩ። እናት ቴሌብር ስትልክ የሚነካካላት እሱ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሯን በቃሉ ያውቀዋል። ዛሬውኑ ቀይሩት፤ የልደት ዓመት አታድርጉት። የባንክ መተግበሪያውንም እንዲሁ።

ቀጥሎ ሱቅ። የሰፈሩን ባለሱቅ ለብቻው አግኙትና «በእኛ ስም ዱቤ ለልጁ አትስጥ፤ ከሰጠህ አንከፍልም» በሉት። ሲጋራም ሆነ ካርድ አይስጠው። ምክንያቱን ማብራራት አይጠበቅባችሁም። ባለሱቆች ከምትገምቱት በላይ ያውቃሉ።

ወርቅ፣ ላፕቶፕ፣ ተጨማሪ ስልክ፣ የቤት ካርታ የመሰለውን እህታችሁ ጋ ወይም ባንክ አኑሩ። የጋዝ ሲሊንደርና የውሃ ፓምፕ ሳይቀር ተሸጦ ያውቃል። ይህን የምታደርጉት ሌባ ነው ብላችሁ አይደለም፤ ሐራራ ላይ ያለ ሰው እጅ አጠገብ የሚሸጥ ነገር ማስቀመጥ እሱኑ መፈተን ስለሆነ ነው። እንዲህ ብላችሁም ንገሩት፤ ደብቃችሁ አታድርጉት።

የሚያስፈልገውን ግን አትንፈጉት። ምግብ፣ አልጋ፣ ልብስ፣ የትምህርት ክፍያ፣ ሕክምና ይቀጥላል። ልዩነቱ በእጁ አለመሆኑ ነው። የኮሌጁን ክፍያ ራሳችሁ በባንክ ክፈሉ። ፎቶ ኮፒ ካለ አብራችሁ ሂዱ። የታክሲ የዕለቱን ብቻ ስጡ። መጀመሪያ ሰሞን ይጮሃል፣ ያኮርፋል፣ «ለኔ ብር የለም፣ ለእሷ ጫማ ይገዛል» ይላል። ይህ ሲሆን እርምጃው መሥራት ጀመረ ማለት ነው።

ዕዳውስ? ጫት ቤትም፣ ጓደኛም፣ አንዳንዴ አራጣ አበዳሪም ይመጣል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ልጁን አደጋ ላይ የሚጥል ዕዳ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ በቀጥታ ለአበዳሪው፣ ምስክር ባለበት ክፈሉ፤ ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ ጊዜ አትክፈሉ። የምትከፍሉትን በልጁ እጅ አትላኩ፤ አይደርስም።

5. ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መጠጥና ኪኒን በድንገት አይቋረጥም

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ሲጠጣ የቆየ ሰው ቤት ዘግታችሁ በድንገት ብታስቆሙት ሊሞት ይችላል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይጨነቃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የት እንዳለ የማያውቅ አለ። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሆስፒታል ውስጥ መንቀጥቀጡን የሚቆጣጠር መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ተሰጥቶት ያልፋል። እንደ ዲያዚፓም ያሉ የማረጋጊያ ኪኒኖችም በድንገት ሲቆሙ እንዲሁ ያንዘፈዝፋሉ፤ መጠናቸው የሚቀነሰው በሐኪም ነው።

ትራማዶል ሲቋረጥ ኃይለኛ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፦ አጥንት ቁርጥማት፣ ማዛጋት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ያሠቃያል፤ በሕክምና ግን ይቀላል። ጫት ሲቆም ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ቅዠትና ንጭንጭ ይመጣል። ለጫት ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሙ የሚያክመው ድብርቱንና እንቅልፉን ነው፣ የቀረው የምክርና የክትትል ሥራ ነው። «ጫት የሚያስጠላ መርፌ አለ» ለሚላችሁ ብር አትስጡ።

ወዴት ይኬዳል? በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። አንዳንዶቹ የአእምሮ ጤና ነርስ አላቸው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁም ሪፈር የምታገኙት ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ክልል ላላችሁ የጅማ፣ የጎንደርና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ መቀሌ ደግሞ ዓይደር አለላችሁ።

«አማኑኤል ገባ ይሉናል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ልጅ አስቀርቷል። ሰው ይላል። ልጃችሁ ጫት ቤት ደጃፍ ላይ ተኝቶ ሲያዩትም ሲሉ ነበር።

ስትሄዱ ደብተሩን፣ የኪኒን ማሸጊያዎቹን፣ መታወቂያውንና የመድን ደብተሩን ያዙ። ሰልፍ ስላለ ማልዳችሁ ድረሱ፤ ምሳ ቋጥሩ፣ በወረፋው መካከል «ምሳ በልቼ ልምጣ» ብሎ የወጣ ልጅ ላይመለስ ይችላልና። ሐኪሙ ልጁን ብቻውን ላናግረው ቢል ውጡ። እናንተ ፊት የማይናገረው ነገር አለ።

እምቢ ካለስ? እናንተ ሂዱ። ያለ ልጁ ገብቶ ባለሙያ ማማከር ይቻላል፤ ከዚያ ስትመለሱ ቤቱ ይለወጣል፣ ልጁም አንድ ቀን «ምን አሏችሁ?» ማለቱ አይቀርም።

በግል ማገገሚያ ማዕከል ለማስገባት ካሰባችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ፈቃዳቸውን፣ ሐኪሙ ማን እንደሆነና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝ፣ ወላጅ መቼ መጠየቅ እንደሚችል፣ ከወጣ በኋላ ክትትል መኖሩን ጠይቁ። የሚያስር ወይም የሚገርፍ ቦታ ማከሚያ አይደለም። «ለሦስት ወር አትምጡ» ካሏችሁ አታስገቡት።

6. ጸበሉ፣ ገጠሩና አረብ አገሩ

ጸበል ላይ ብዙ ሰው ተስፋ አግኝቷል፤ እምነት ያለው ቤተሰብ ልጁን ይዞ ቢሄድ አልቃወምም። ከመቃሚያው ሰፈር መራቁ፣ ከሌሊቱ ተነስቶ መጠመቁ፣ ከሌሎች ጋር መዋሉ በራሱ ይረዳል። ሙስሊሙም ቤት ዱዓውና ኡስታዙ እንዲሁ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማንም አያስቁመው። ሌላው መጠጥ ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የቆየ ልጅ ጸበል ቦታ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥ፣ ቢወድቅ፣ የሌለ ሰው ቢያናግር «ሰይጣኑ ጮኸ» ተብሎ ይታለፋል። 5ኛው ላይ የጻፍኩት ነው፤ መጠጡ ስለቀረበት ነው። ቶሎ ሆስፒታል ይድረስ። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጸበል ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም።

አያቱ ጋ ገጠር መላክ እረፍት ይሰጣል፤ መድኃኒት አይደለም። አያቱ ያሉበት ጫት የሚበቅልበት አገር ከሆነማ እሳቱ ላይ ነዳጅ ነው። መዳርም መፍትሔ አይደለም፤ የሰው ልጅ ጨምራችሁ ታሰቃያላችሁ። አረብ አገር መላክ ደግሞ የባሰ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በዕፅ ጉዳይ ሕጋቸው ከባድ ነው፤ ጫት ራሱ ያሳስራል።

አሜሪካ ሆናችሁ ልጁን «አገሩን አይቶ ይመለስ» ብላችሁ ወደ አዲስ አበባ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ እዚያ እየወሰደ ያለው የሱስ መድኃኒት እዚህ መገኘቱን ሳታረጋግጡ አትላኩት። የአጎቱ ልጆችም ሐኪሞች አይደሉም።

7. ድንገት ሲወድቅ

ስትጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ሰማያዊ የሆነ ከሆነ ትራማዶል ወይም መሰሉን፣ ብዙ ጊዜም ከመጠጥ ጋር አብዝቶ ወስዷል ብላችሁ ገምቱ። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ያለውን አውጡ። ወተት አታጠጡት፣ ለማስመለስ ጣት አታስገቡ፣ ውኃ አትድፉበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት። ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ።

ትራማዶል ሊያንዘፈዝፍም ይችላል። ሲንዘፈዘፍ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉና ሲበርድለት በጎኑ አዙሩት።

አሜሪካ ያላችሁ ናርካን የሚባለውን የአፍንጫ መርጫ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ኪኒን ፈንታኒል ሊኖርበት ስለሚችል አንዲት ፍሬም ትገድላለች። ርጩለት፣ 911 ደውሉ።

«መሞት ይሻለኛል» ካለ እንደ ማስፈራሪያ አትቁጠሩት። ብቻውን አትተዉት፣ ኪኒኑንና መርዝ ነገሩን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

8. ፖሊስ

«ትንሽ ታስሮ ይቅመሰው» ብሎ ልጁን የሚያስይዝ አባት አለ። ጫት በኢትዮጵያ ሕግ አልተከለከለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ግን አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር ብቻ ሳይሆን መጠቀምም ያስቀጣል፤ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ «ልጄን ልቀቁልኝ» ማለት አይሠራም። ፖሊስ የሚጠራው ሰው ላይ እጁን ሲያነሳ ወይም ቢላ ሲይዝ ነው። ያኔ አትፍሩ፣ ጥሩ። የሚሸጡለትን ግን መጠቆም ይቻላል፦ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም መጠጥም መሸጥ ክልክል ነው።

9. የቀሩትን ልጆችና ራሳችሁን

ቤቱ በሙሉ አንድ ልጅ ላይ ሲዞር ሌሎቹ ይረሳሉ። ጥሩ ነጥብ ይዛ የመጣችውን «ጎሽ» የሚላት የለም። ታናናሾቹ በልካቸው ይነገራቸው፦ ወንድማችሁ ታሟል፣ እየታከመ ነው፣ ብር ከጠየቃችሁ ለእኛ ንገሩ። ሰላይ ግን አታድርጓቸው።

ለአንድ ሰው ተናገሩ። ለእድሩ ሁሉ ሳይሆን ለአንድ ሰው፤ ለእህት፣ ለንስሐ አባት፣ ለቆየ ጓደኛ። ይህን ሁሉ በገመና የያዘች እናት ደም ግፊቷ ይነሳል፣ እንቅልፍ አጥታ እሷም የማረጋጊያ ኪኒን ትጀምራለች። ለቅሶውም፣ ሰርጉም፣ ሥራውም አይቅር። ልጁ እስኪድን ኑሮን ማቆም ለልጁም ሸክም ነው።

10. ሲያገረሽ

ያገረሻል ብላችሁ ጠብቁ። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ብዙዎች ላይ ግን ይደርሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ስለዚህ ከሕክምና ሲወጣ ፌሽታ አትደግሱ፤ ይልቅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉለት። ሐራራ ሰዓት ያውቃል። ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ባዶ ከሆነ እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ምሳ ዘግይታችሁ አብራችሁ ብሉ። ኮርስ ካለ ከሰዓት ያለውን ክፍል ይመዝገብ። ጂም፣ መንጃ ፈቃድ፣ የአጎት ጋራዥ፣ ምንም ይሁን። ወደ ቤት የሚመጣበት መንገድ በመቃሚያው ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ከሆነ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወይም አልፎ ይውረድ። ደመወዝ ካለው ቀኑን አብራችሁ ያዙ፤ በዓል ሲመጣም ማን ጋ እንደሚውል ቀድማችሁ አስቡ።

ትራማዶል ወይም ሌላ ኪኒን የተወ ልጅ ላይ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ወራት ከተወው በኋላ ሰውነቱ አይችለውም። በፊት ይወስደው የነበረውን ያህል በአንዴ ቢወስድ ሊሞት ይችላል። ይህን በግልጽ ንገሩት፤ መንገር መፍቀድ አይደለም።

አንድ ማታ ዓይኑ ፈጦ ወይም ጠጥቶ ቢመጣ «ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶብህ!» አትበሉት። በሩን ክፈቱ። ትንፋሹንና ንቃቱን እዩ፤ ደህና ከሆነ «ግባ፣ ተኛ፣ ጠዋት እናወራለን» በሉት። ብር አትስጡ። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ። ጠዋት ሲነሳ ቁርስ ስጡትና ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ትናንት ምን ሆነህ ነበር፣ ከማን ጋር ነበርክ። ቀጠሮው ገና ሳምንት ቢቀረውም አትጠብቁ። የክትትል ካርዱን ይዛችሁ በዚያው ቀን ክሊኒኩ ሂዱ።